እናትዎን ወይም አክስትዎን የጡት ካንሰር ይዟቸው ከነበረ፦ የቤተሰብ የጤና መዝገብ እንዴት ይዘጋጃል?

በየጊዜው የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «እናቴ ያረፈችው በጡት ካንሰር ነው፤ እኔስ?» አንዳንዴ በእናት ፈንታ አክስት ወይም እህት ትሆናለች፤ ጭንቀቱ ግን ያው ነው።

ይህን ጥያቄ ማንም ሐኪም በአንድ ቃል ሊመልሰው አይችልም። ማን እንደታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል፣ በእናት ወገን ይሁን በአባት ወገን ማወቅ አለበት። እነዚህን ጽፈው ይዘው ከሄዱ አንድ ቀጠሮ ብዙ ሥራ ይሠራል። ካልያዙ ግን «በቤተሰብ ካንሰር አለ?» ይባላሉ፣ «አዎ» ይላሉ፣ ጉዳዩም እዚያው ይቆማል።

ሥራውን ሲጀምሩ ልብዎን የሚያረጋጋ እውነት ይያዙ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል በአንድ የዘረመል (ጂን) ስብራት፣ ማለትም ጉድለት፣ ምክንያት በውርስ የያዛቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። እናት፣ እህት ወይም ልጅ አንዷ ታማ ከሆነ የእርስዎ ስጋት የቅርብ ዘመድ ካልታመመባት ሴት በግምት እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ሆነ ማለት ግን የግድ ይይዝዎታል ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ አሁን በጡትዎ ወይም በብብትዎ ሥር እብጠት ካለ፣ ከጡት ጫፍ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ከወጣ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተቦረቦረ፣ መዝገቡን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። «አያመኝም» ብለው አይዘናጉ፤ የካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ኤ-3 ወረቀት፣ ወይም በፕላስተር የተያያዙ ሁለት ኤ-4
• እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ (በእስክሪብቶ አይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ሥዕል መስተካከሉ አይቀርም)
• ቀይ እስክሪብቶ፣ ለመጨረሻው ምልክት ብቻ
• አንድ ደብተር፤ ለእያንዳንዱ ዘመድ ግማሽ ገጽ
• የሆስፒታል ወረቀቶችን ፎቶ የሚያነሱበት ስልክ
• ከ2 እስከ 4 ሳምንት ጊዜ

1. የሥጋ ዘመዶችን ይዘርዝሩ

በደብተሩ ላይ ሦስት ረድፍ ያበጁ።

አንደኛ ረድፍ፦ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ። ከእነዚህ ጋር የዘረመልዎን ግማሽ ያህል ይጋራሉ።
ሁለተኛ ረድፍ፦ አራቱም አያቶች፣ አክስትና አጎት፣ የእህትና የወንድም ልጆች፣ በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙ እህትና ወንድም። ሩብ ይጋራሉ።
ሦስተኛ ረድፍ፦ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ ቅድመ አያቶች። አንድ ስምንተኛ።

ረድፉ የሚያስፈልገው ክብደቱ ስለሚለያይ ነው፤ በ40 ዓመቷ የታመመች እህትና በ75 ዓመቷ የታመመች የአያት እህት እኩል አይመዝኑም። ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ቤተሰብ ለዚህ ሥራ ጥሩ መነሻ አለው፤ ሦስት ትውልድ ግን ይበቃዎታል።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር እንቅፋት አለ። የአክብሮትና የፍቅር መጠሪያችን የሥጋ ዝምድናን ይሸፍናል። «አክስቴ» የእናት ጓደኛ ልትሆን ትችላለች፤ «እህቴ» የአጎት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው «ከአንድ እናት ናችሁ? ከአንድ አባትስ?» ብለው ይጠይቁ። የአጎት ሚስት፣ የእንጀራ እናት፣ የክርስትና እናት፣ የጉዲፈቻ ልጅና የጡት ልጅ የቱንም ያህል ቢቀርቡ በዚህ መዝገብ አይቆጠሩም። ጡት መጥባት የዘረመል ስብራትን አያስተላልፍም።

2. የዘር ሐረጉን ይሣሉ

ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ይሣሉ። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር ያያይዙ፤ ልጆቹን ከዚያ መስመር ወደ ታች ያውርዱ፣ ታላቁን ከግራ ጀምረው። የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ያሳልፉ። እርስዎ ያሉበትን ምልክት በቀስት ያመልክቱ። አባትን በግራ፣ እናትን በቀኝ አድርገው ወረቀቱን በሐሳብ ለሁለት ይክፈሉት፤ ሁለቱ ወገኖች መቀላቀል የለባቸውም። የዘረመል ስብራት የሚፈለገው በአንድ ወገን ተከታትሎ ስለሆነ በእናት ወገን አንድ፣ በአባት ወገን አንድ የታመመ ሰው መኖሩ በአንድ ወገን ሁለት ከመኖሩ ይለያል።

ጤነኞቹንም ይሣሉ፤ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ስድስት አክስቶች ኖረው አንዷ ብቻ ከታመመች አንድ ነገር ነው፤ የነበረችው አንዲት አክስት ታማ ከሆነ ደግሞ ሌላ።

3. ዘመድን ይጠይቁ

የሥራው ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ አይቸኩሉ። ዘመድን ያስታውሳሉ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይምረጡ፤ አንድ ከእናት ወገን፣ አንድ ከአባት። ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ሰው በተሰበሰበበት ስለ ጡትና ስለ ማህፀን መናገር ለሽማግሌም ለአሮጊትም ይከብዳል፤ መልሱም «እንዲያው ታማ ሞተች» ይሆናል። ለቅሶ ቤትም ቦታው አይደለም። ከ40 ቀን በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፀጥ ባለ ሰዓት ይሻላል። ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ቀድመው ደውለው ጉዳዩን ይንገሩና ለሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ ሰው ሲያስብበት ብዙ ያስታውሳል።

አጀማመሩ እንዲህ ቢሆን፦ «እማማ፣ ለሐኪም የማሳየው የዘመድ ዝርዝር እየጻፍኩ ነው። የሚያስታውሱትን ቢነግሩኝ፣ ለእኔም ለልጆቼም ይጠቅመናል።» ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው እነዚህን ይጠይቁ፦

ሀ. በሕይወት አሉ? ካሉ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከሞቱ በስንት ዓመታቸው፣ በምን?
ለ. ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር? ምናቸው ላይ?
ሐ. መድኃኒት ሲወስዱ ፀጉራቸው ረግፎ ነበር? ጨረር ታክመው ነበር?
መ. በሽታው መጀመሪያ የጀመራቸው የት ላይ ነው?
ሠ. አንዱ ጡት ብቻ ነበር ወይስ ሁለቱም?

«ካንሰር ነበረባቸው?» ብለው አይጀምሩ። ስሙን የማያውቅ ወይም ለመጥራት የሚፈራ ሰው «የለም» ይልዎታል። ፀጉር መርገፉንና ጡት መቆረጡን ግን ሁሉም ያስታውሳል። የሞተ ሰው የሄደው ጠበል ብቻ ከነበረ የሕክምና ስም አይኖርም፤ ያኔ የታየውን ምልክት እንደተነገረዎት ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ለታማሚዋ ራሷ አልተነገረም። በሕይወት ያለች ዘመድን በቀጥታ ከመጠየቅዎ በፊት የምታስታምማትን ሰው «ሕመሟን ታውቃለች?» ብለው ያጣሩ። እርስዎ መርዶ ነጋሪ እንዳይሆኑ።

4. የሕመሙን ስም ያጣሩ

ዘመድ የሚሰጥዎት ቃል የሐኪም ቃል አይደለም። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ እንደተነገረዎት በጥቅስ ይጻፉ፤ ከሥሩ የእርስዎን ግምት ያስከትሉ።

«ነቀርሳ»፦ ካንሰር ማለት ነው፤ ነገር ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው። የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ሳይጠይቁ አይለፉ።
«ዕጢ»፣ «እባጭ»፦ ጤናማ ዕጢም፣ መግልም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ወጥቶላት ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያለ ሌላ ሕክምና የኖረች ሴት ካንሰር ላይኖርባት ይችል ነበር።
«የማህፀን»፦ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች (የማህፀን በር፣ የራሱ የማህፀንና የኦቫሪ ካንሰር) በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ። የማህፀን በር ካንሰር ዋና መንስኤው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ስለሆነ ለዚህ ስሌት አይገባም። የኦቫሪ (የሴቷ እንቁላል የሚመረትበት አካል) ካንሰር ግን ከጡት ካንሰር ጋር በአንድ የዘረመል ስብራት ሊመጣ ስለሚችል ትልቅ ምልክት ነው።
«ሆዷ ተነፍቶ ውኃ ይቀዳላት ነበር»፦ ኦቫሪም፣ ጉበትም፣ ቲቢም ሊሆን ይችላል። «ሆድ፣ ያልተለየ» ብለው ይተዉት።
«የአጥንት ካንሰር»፣ «የጉበት ካንሰር»፦ ከጡት ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ሊሆን ይችላል። «መጀመሪያ የጀመራት የት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከወንዶቹ የጡት፣ የፕሮስቴትና የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ይመዝገብ። ወንድ በጡት ካንሰር አይያዝም የሚባለው ስህተት ነው፤ ይያዛል፣ ከሁሉም የጡት ካንሰር ከ100 አንድ ባይሞላም።

5. ዕድሜን ያስሉ

ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር በሽታው የታወቀበት ዕድሜ ነው። የሞቱበትን ዕድሜ ብቻ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ በ52 ዓመቷ የሞተች ሴት በ46 ዓመቷ ታማ ሊሆን ይችላል።

የልደት ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ በዘመን ምልክት ይፈልጉ። «በአብዮቱ ጊዜ (1966 ዓ.ም.) አግብታ ነበር? ልጅ ነበራት?» «በ77 ድርቅ የስንት ዓመት ልጅ ነበረች?» «ሕመሙ የጀመራት ደርግ ሳይወድቅ (ከ1983 ዓ.ም. በፊት) ነው ወይስ በኋላ?» «ከሚሌኒየሙ በፊት ነበር?» ወይም በልጅ ይቁጠሩ፦ «ስትታመም የመጨረሻው ልጇ ስንተኛ ክፍል ነበር?» አምስት ዓመት ወዲያ ወዲህ ቢሆን ችግር የለውም፤ «45 ገደማ» ከ«አላውቅም» እጅግ ይበልጣል።

ውጭ አገር ላሉ፦ የዘመን አቆጣጠሩን ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ይጻፉ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ምን እንደሚያበላሽ ይዩ፦ አክስትዎ የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ሆስፒታል ወረቀት በሽታው በ2005 እ.ኤ.አ. ታወቀ ይላል። ሳያስቡ ከቀነሱ 55 ይወጣል። 1950 ዓ.ም. ግን 1957/58 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እውነተኛው ዕድሜ 47 ገደማ ነው። በዚህ ጉዳይ 50 ዓመት የመለያ መስመር ነው፤ ስህተቱ አክስትዎን ከመስመሩ ማዶ ያሻግራቸዋል።

6. ማስረጃ ይሰብስቡ

ከሁሉ የሚበልጠው የፓቶሎጂ ውጤት ነው፤ ከጡት በተወሰደው ናሙና ላይ የተጻፈው ወረቀት። ካርዱ፣ የመውጫ ማጠቃለያውና የሪፈር ወረቀቱ ይከተላሉ። ውጤቱ ላይ ኢአር (ER)፣ ፒአር (PR) እና ኸር-ቱ (HER2) የሚሉ፣ የካንሰሩን ዓይነት የሚለዩ ምልክቶች ካሉ ፎቶውን ጥርት አድርገው ያንሱ። ሦስቱም «ኔጋቲቭ» ከሆኑ (ትሪፕል ኔጋቲቭ ይባላል) ሲሰበር የጡትና የኦቫሪ ካንሰር ስጋትን ከፍ ከሚያደርገው ከቢአርሲኤ 1 (BRCA1) ዘረመል ጋር ስለሚያያዝ ሐኪሙ በጥንቃቄ ያየዋል።

የታማሚዋን ወረቀት ያለ ፈቃዷ አይውሰዱ። ካረፈች ወረቀቱን የያዘውን ሰው ያስፈቅዱ።

አንድ ዝርዝር ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

«አክስት (የአባቴ እህት፣ በእናትም በአባትም)። ልደት 1952 ዓ.ም. ገደማ። ግራ ጡት። ስትታመም 41 ገደማ። ቀዶ ሕክምና፣ አዎ። ፀጉሯ ረግፏል። ዕረፍት 1996 ዓ.ም.። የነገረኝ አጎቴ። ወረቀት የለም።»

7. ቀይ ምልክት ያድርጉ

አሁን ቀዩን እስክሪብቶ ያንሡ። በሥዕሉ ላይ ከሚከተሉት አንዱን ባገኙበት ይክበቡ፦

• ከ50 ዓመት በፊት የታወቀ የጡት ካንሰር
• በአንድ ሰው ሁለቱም ጡቶች ላይ የወጣ
• በማንኛውም ዕድሜ የኦቫሪ ካንሰር
• የወንድ የጡት ካንሰር
• ትሪፕል ኔጋቲቭ
• በአንድ ወገን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የታመሙ፣ የቆሽትና የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰርም ተደምሮ
• በቤተሰቡ ውስጥ ስብራት እንዳለ በምርመራ የታወቀ

አንድም ቀይ ክብ ካለ የሐኪም ምክር ያስፈልግዎታል። ቀይ ክብ የሚያሳየው ምርመራ እንደሚገባዎት ነው፤ ታመዋል ማለት አይደለም።

ቀይ ክብ ከሌለስ? ሥዕሉ በቂ ሴቶች እንዳሉበት ይመልከቱ። ብዙ ቤተሰቦቻችን ውስጥ ሴቶች በወሊድ፣ በድርቅ፣ በጦርነት 30 ሳይሞሉ አልፈዋል፤ በካንሰር የሚታመሙበት ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ። ሴት ጥቂት የሆነበት ወይም ሴቶቹ በለጋነት ያለፉበት ቤተሰብ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ይህንንም በሥዕሉ ጥግ ይጻፉት።

8. ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት

ሥዕሉን አጣጥፈው ይያዙ፤ ከላይ ሁለት መስመር ማጠቃለያ ይጻፉ፦ «በአባት ወገን፣ አክስት 41፣ የአክስት ልጅ 38፣ ሁለቱም ጡት ካንሰር። እኔ 33፣ ሁለት ልጆች፣ እብጠት የለኝም።» ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ነው።

ሐኪሞች በሰፊው የሚጠቀሙበት አንድ ስሌት አለ፦ እናት ወይም እህት በታመመችበት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ቀንሰው የምስል ምርመራ መጀመር። እናት በ42 ታማ ከሆነ ልጇ በ32። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ግን ከ30 ዓመት በፊት ብዙ ጊዜ አይታዘዝም፤ በወጣት ሴት ጡት ውስጥ ያለው ሥጋ ጥቅጥቅ ስለሚል እብጠቱን ይሸፍነዋል፤ አልትራሳውንድ ይቀድማል።

ኢትዮጵያ፦ እንደ አንዳንድ አገሮች ደብዳቤ ልኮ ለማሞግራም የሚጠራዎት ብሔራዊ መርሐ ግብር ስለሌለ ጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ሥዕሉን አሳይተው በእጅ እንዲመረመሩ ይጠይቁ፣ ሪፈር ያስጽፉ። የዘረመል ምርመራ በመንግሥት ሆስፒታሎች የዘወትር አገልግሎት አይደለም፤ መዝገቡ ግን ምርመራ መቼ እንደሚጀመርና እብጠት ሲገኝ ምን ያህል በፍጥነት ናሙና መወሰድ እንዳለበት ይወስናል።

አሜሪካ፦ ከ40 እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ ማሞግራም ይመከራል፤ የቤተሰብ ታሪክ ካለ ቀደም ሊል ይችላል። የቤተሰብ ታሪካቸው ስጋት ለሚያሳይ ሴቶች አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች የዘረመል ምክርና የቢአርሲኤ ምርመራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሸፈን አለባቸው። ሆስፒታሉ ነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።

እስራኤል፦ እስከ 74 ዓመት በየ2 ዓመቱ፤ የቤተሰብ ታሪክ ያላት ሴት ቀደም ብላ በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቷ) በኩል ትጠይቅ።

እንግሊዝ ከ50 ዓመት ጀምሮ በየ3 ዓመቱ፣ ጀርመን ከ50 እስከ 75 በየ2 ዓመቱ ይጠራሉ። ቀይ ክብ ካለዎት ጥሪውን አይጠብቁ፤ የቤተሰብ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

9. የዘረመል ምርመራ ከታዘዘ

የሚመረመረው ደም ወይም ምራቅ ነው። መጀመሪያ መመርመር ያለባት የታመመችው ዘመድ ናት፣ በሕይወት ካለች። በእሷ ላይ ስብራቱ ከተገኘ የእርስዎ ምርመራ ግልጽ መልስ ይሰጣል። እሷ ሳትመረመር ጤነኛዋ እርስዎ «የለም» ቢባሉ ግን በቤተሰቡ ያለው ስብራት ሌላ ይሁን ወይስ እርስዎ አልወረሱት አይታወቅም።

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። «አለ» ከተባለ፦ ቢአርሲኤ 1 ወይም 2 ላይ ስብራት ያላት ሴት በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ100 ከ60 ይበልጣል፤ ከ25 ዓመት ጀምሮ በኤምአርአይ መከታተል፣ የመከላከያ መድኃኒትና የመከላከያ ቀዶ ሕክምና አማራጮች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። «የለም» የሚለውን ከላይ አየነው። ሦስተኛው «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይባላል፤ በመረጃ ቋቶች ውስጥ የአፍሪካውያን ዘረመል ጥቂት ስለሆነ እኛን ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። በዚህ መልስ ላይ ተመሥርተው ጡትም ኦቫሪም አያስወጡ፤ በየዓመቱ «ትርጉሙ ታወቀ?» ብለው ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በፖስታ የሚታዘዙ የምራቅ ምርመራዎች የሚያዩት የተወሰኑ ለውጦችን ብቻ ነው። «የለም» ቢሉዎት አይተማመኑባቸው። አሜሪካ ካሉ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረመል መድልዎ መከላከያ ሕግ የጤና ኢንሹራንስንና ሥራን እንጂ የሕይወት ኢንሹራንስን እንደማይሸፍን ከምርመራው በፊት ይወቁ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

የአባትን ወገን መተው። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አባት ሳይታመም ስብራቱን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል፤ ስለዚህ የአባት እናትና የአባት እህቶች ከእናት ወገን እኩል ይመዘገባሉ።

ከስም ዝምድናን መገመት። ሁለተኛ ስማችን የአባት ስም ስለሆነ አክስትና የእህት ልጅ በአንድ ሆስፒታል ቢታከሙም ካርዳቸው ዝምድናቸውን አያሳይም። ካልነገሩት ሐኪሙ አያውቅም።

«ናሙና ከተወሰደ ይሰራጫል» ብሎ መዘግየት። አይሰራጭም። የሚያሰራጨው መዘግየቱ ነው።

ለምታጠባ እናት እብጠትን ሁሉ የወተት ማድረግ። በመድኃኒት በ2 ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ አልትራሳውንድ ይጠይቁ፣ በተለይ ቀይ ክብ ካለ።

10. ያስቀምጡ፣ ያድሱ

ዋናውን ሥዕል በፋይል፣ ፎቶውን በስልክዎ ያኑሩ። የዘመድ ስሞች ስላሉበት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጥፉት፤ ለእህትና ለወንድም ለየብቻ ይስጡ። ቤተሰብ በሚሰበሰብበት በመስቀል ወይም በአረፋ ሰሞን በዓመት አንድ ጊዜ ይክፈቱትና «ዘንድሮ አዲስ የታመመ አለ?» ብለው ይጠይቁ። አዲስ ቀይ ክብ ከገባ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ የምርመራ መጀመሪያ ዕድሜዎም ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ይሰላል።